የልጄ ባር ሚጽዋ ድግስ ከዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጋር ገጠመ፤ ምን ላድርግ?

እናት_ከቅርያት_መላኪ — ሐሙስ፣ 15 ዲሴምበር 2022

ሰላም ለሁላችሁ። ከእስራኤል ነኝ፣ ሌሊት ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ተኝቷል፣ እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የበኩር ልጄ 13 ዓመት ሞላው። የፊታችን ሰንበት ቤተ ክነሴት (ምኩራብ) ኦሪት ያነባል፤ ድግሱ በማግሥቱ እሑድ ማታ አውላም (የድግስ አዳራሽ) ውስጥ ነው። አውላሙን ከያዝነው ዓመት አልፎታል። ለምን እሑድ ብትሉኝ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ በብርዱ ወራት እሑድ ማታ ከሐሙስ ማታ ጋር ዋጋው አይገናኝም። ያን ጊዜ የዕብራይስጡን መቁጠሪያ አየን፣ የሃኑካ በዓል የመጀመሪያው ሻማ የሚበራበት ማታ ሆኖ ስናገኘው ጭራሽ ደስ አለን። የኳሱን መቁጠሪያ ማን ያያል? እኔ የዓለም ዋንጫ የጁንና የጁላይ ነገር ነው ብዬ ነው የማውቀው። ለካስ የኳታር ሙቀት አያስጫውትም ብለው ወደ ብርዱ ወራት አዙረውታል።

ትናንት ማታ ፈረንሳይ ሞሮኮን 2 ለ 0 አሸንፋ ከአርጀንቲና ጋር ለፍጻሜ ስታልፍ ሞሮካውያን ጎረቤቶቻችን መብራት አጥፍተው ተኙ፣ የኔ ስልክ ደግሞ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ትልቁ ወንድሜ፦ «እህቴ፣ ጨዋታው 11 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ ትንሽ ብዘገይ እንዳይከፋሽ።» ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ የባለቤቴ የአክስት ልጆች። እስካሁን 14 ወንዶች ቆጥሬያለሁ። አልመጣም ያለ አንድም የለም፤ ሁሉም «ይዘገያል»። ጥሪው ማታ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ቀን እንለውጥ ብንል ባለ አውላሙ የ250 ሰው ምግብ ክፈሉና ለውጡ አለን።

አሁን ደግሞ ይኸው ባለ አውላም ሐሳብ አመጣ። የልጁን ፎቶና ቪዲዮ የምናሳይበት ትልቅ ስክሪን አለ፣ ጨዋታውን በእሱ እንክፈተው፣ ሰው በሰዓቱ ይመጣል ይላል። ባለቤቴ አፉ ላይ ፈገግታ ታየ። እኔ እምቢ አልኩ። እንዲህ ከሆነ ድግሱ የማን ነው? ምከሩኝ።

---

ረሖቮት_ሰፈር — 15 ዲሴምበር

ማዝል ቶቭ እህቴ! ምንም አትጨነቂ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። 11 ሰዓት ጀመረ፣ ሁለት ጊዜ 45፣ እረፍት 15፣ ባከነ ሰዓት ጨምሪበት፤ 1 ሰዓት ላይ አለቀ። የኛ ሰው ደግሞ መቼ ነው 12 ተኩል ተብሎ 12 ተኩል የደረሰው? እኔ ባለፈው ሰርግ የመጀመሪያው እንግዳ ነበርኩ፤ የደረስኩት አንድ ሰዓት አርፍጄ ነው። ሙሽሪት ገና ፀጉሯን እየተሠራች ነበር።

---

አዲስ_አበቤ — 15 ዲሴምበር

እዚህ መድረክ ላይ አዲስ ነኝ፣ ሳላውቅ ስለጠየቅሁ ይቅርታ። ባር ሚጽዋ እንደ ክርስትና ማንሳት ነው? እኛ ጋ ጨዋታው ማታ 12 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ ሰፈራችን ቡና ቤቱ ወንበር ከአሁኑ እየተያዘ ነው። የሰርግ ጥሪ ቢመጣብኝ እኔም የምሸሽ ይመስለኛል፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

---

የቄስ_የልጅ_ልጅ — 15 ዲሴምበር

@አዲስ_አበቤ ክርስትና የሚነሣ ልጅ ምንም አያውቅም፣ ባር ሚጽዋ ግን ልጁ ራሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ነው። 13 ዓመት ከሞላው ትእዛዛቱ በራሱ ላይ ናቸው፤ ቢጾም ለራሱ፣ ቢያጠፋም በራሱ። አባትየው እንኳ በዚያ ቀን «ከዚህ ልጅ ቅጣት ነፃ ያወጣኝ ይባረክ» የሚል በረከት ይላል። ትፊሊን (በጸሎት ጊዜ ክንድና ግንባር ላይ የሚታሰረውን) ማሰር ይጀምራል፣ ለማኅበር ጸሎት ከሚያስፈልጉት ዐሥር ሰዎች ይቆጠራል።

ለእናትየው ደግሞ፦ ድግስ ኖረም አልኖረም ልጁ ባር ሚጽዋ ሆኗል። አያቶቻችን ጎንደር እያሉ ይህን ድግስ አያውቁትም ነበር። ሃኑካንም አያውቁም፤ እዚህ መጥተን ነው ሁለቱንም የተማርነው። ከሁሉ የሚከብደው የሰንበቱ ንባብ ነው። የእሑዱ ሥጋና ዲጄ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሻማው የሚበራው ልክ ጨዋታው ሲጀመር ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሻማው።

---

ሜሲ_10 — 15 ዲሴምበር

እትዬ፣ ሜሲ 35 ዓመቱ ነው፣ ሌላ ፍጻሜ አያገኝም። ልጅሽ ገና ይሞሸራል። 😂

---

እናት_ከቅርያት_መላኪ — 15 ዲሴምበር

@ሜሲ_10 የሰርጉን ቀን ስንቆርጥ አንተን እናስፈቅዳለን።

---

ለንደን_ነኝ — 15 ዲሴምበር

እህቴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሥራዬ አረጋውያን ማስታመም ነው። አሁን የማስታምማቸው አባት ይሁዲ ናቸው፣ እንግሊዝ ውስጥ ተወልደው ያደጉ። ያንቺን ጽሑፍ ሻይ እያጠጣኋቸው ተረጎምኩላቸው። ጽዋውን አስቀምጠው ሳቁ፣ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው።

የእሳቸው ባር ሚጽዋ 30 ጁላይ 1966 ነበር። ቅዳሜ። እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን ዌምብሊ ላይ ለዓለም ዋንጫ የተጋጠሙበት ቀን! ጠዋት ምኩራብ ሲያነቡ፣ ቤተ መቅደሱ ለፈረሰበት ከሚጾመው ከአብ ወር ጾም በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰንበት ስለነበር፣ የነቢዩ ንባብ ኢሳይያስ 40 ነው፦ «አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ ይላል አምላካችሁ።» ምሳ ተበላ፣ 9 ሰዓት ደረሰ። ሰንበት ነው፣ ቴሌቪዥን መክፈት የለም። አጎታቸው «ነፋስ ልቀበል» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ቀጥሎ ሌላው አጎት ነፋስ አማረው። የጎረቤት ክርስቲያን መስኮት ክፍት ነበርና ሳይቆይ ወንዱ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ነፋስ ይቀበላል። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ልጁ፣ እናቱና አክስቶቹ ናቸው።

@ረሖቮት_ሰፈር ሒሳብህን ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔም 90 ደቂቃ ብለው ነበር የወጡት። 89ኛው ደቂቃ ላይ ጀርመን አስተካክላ 2 ለ 2 ሆነ፣ ተጨማሪ ሰዓት መጣ፣ ሃርስት የመታው ኳስ አግዳሚ ነክቶ መስመሩ ላይ ወደቀ፣ ገባ አልገባ ተባለ፣ ከሶቪየት አዘርባጃን የመጣው መስመር ዳኛ ገባ አለ። 4 ለ 2። እስከ ዛሬ ጓደኞቻቸው ሲመጡ የሚጨቃጨቁት ስለ ኳሷ ነው። ንባባቸው እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀ እንደሌለ ነገሩኝ። ይሄን ሲሉ ግን አልሳቁም።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ — 16 ዲሴምበር

አሜሪካ ውስጥ ይህ ክርክር ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው ይሁዲውን የቤዝቦል ተጫዋች ሳንዲ ኩፋክስን ነው። በ1965 የቤዝቦል የፍጻሜ ግጥሚያ የመጀመሪያው ጨዋታ 6 ኦክቶበር ላይ ዋለ፤ ዮም ኪፑር፣ ትልቁ የስርየት ጾም ቀን ነበር። ኩፋክስ የዶጀርስ ቡድን ቁጥር አንድ ወርዋሪ ነው፣ ግን አልጫወትም አለ። በእሱ ፈንታ ሌላ ገባ፣ 8 ለ 2 ተሸነፉ። ሰውየው ሥራውን፣ ያውም የዓመቱን ትልቁን ቀን፣ ለእምነቱ ትቶታል። ወንድሞችሽ የሚጫወቱ እንኳ አይደሉም፤ ተመልካች ናቸው። ተመልካች መተው ያቅተዋል?

---

ረሖቮት_ሰፈር — 16 ዲሴምበር

@ሲልቨር_ስፕሪንግ ዮም ኪፑርንና የአውላም ድግስን ምን አገናኛቸው? ደግሞ ጨርሰህ ንገራት እንጂ፤ ኩፋክስ በሰባተኛው ጨዋታ ተመልሶ 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ሁለቱንም አገኘ። እኛም ሁለቱንም እናግኝ ነው የምንለው።

---

ጋሽ_ከሐዴራ — ዓርብ፣ 16 ዲሴምበር

ልጄ፣ እኔ 13 ዓመት የሞላኝ ሱዳን ነው፤ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ፣ 1984። በዚያ ወር የሞቱብንን ስንቀብር ማን የማንን ዕድሜ ይቆጥራል። እዚህ ከገባን በኋላ ብዙ ልጆች ሰብስበው ባንድ ቀን አደረጉልን። ከረሜላ ወረወሩብን፤ ጠብ የሚፈልጉን መስሎን መልሰን ወረወርን። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይቺን ነው።

ይሄን የምልሽ የኛ ከብዶ ያንቺ ቀለለ ለማለት አይደለም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ወንድምሽ ምን እንዳለ፣ ባልሽ ምን እንዳለ፣ ባለ አውላሙ ምን እንዳለ ተጽፏል። ልጁ ምን አለ? ጠይቀሽዋል?

---

እናት_ከቅርያት_መላኪ — ዓርብ፣ 16 ዲሴምበር፣ የሰንበት ሻማ ሊበራ ሲል

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። አልጠየቅኩትም ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ጠየቅኩት።

ሜሲን ይወዳል፤ አልጋው ላይ የተለጠፈው ማን ሆነና። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ «ክፈቱት። ሲያልቅ ግን ዝጉት፤ ከዚያ እኔ እገባለሁ» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ንባቡን ሊያጠና ገባ። የዚህ ሳምንት ፓራሻ (የኦሪት ንባብ) ዮሴፍን ወንድሞቹ የሸጡበት ነው፣ ዜማው እኔ ራሴ ውስጥ ገብቷል፣ ሽንኩርት ስከትፍ እያዜምኩት ነው።

ሰንበት ሊገባ ነው። ሰላመ ሰንበት ለሁላችሁ።

---

ሜሲ_10 — እሑድ፣ 18 ዲሴምበር

ሜሲ ፍጹም ቅጣት ምት! ዲማሪያ! 2 ለ 0! እትዬ፣ በሰዓቱ ያልቅልሻል፣ ሥጋውን አሙቂ!

---

ረሖቮት_ሰፈር — 18 ዲሴምበር

ምባፔ 80ኛው ደቂቃ። ምባፔ 81ኛው ደቂቃ። 2 ለ 2።

የለንደኗ፣ ለአባትየው ይቅርታ በይልኝ።

---

እናት_ከቅርያት_መላኪ — ማክሰኞ፣ 20 ዲሴምበር 2022

ሁላችሁም «እንዴት ሆነ» ስላላችሁ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል።

ሰንበት ዕለት በደንብ አነበበ። አንድ ቦታ ተሳስቶ ራሱ አረመ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ዕብራይስጡን አትሰማም፣ የልጁን ድምፅ ነው የሰማችው። ይሄ ክፍል ሙሉ ነበር፣ ምንም አልጎደለበትም።

እሑድ። 11 ሰዓት ላይ አውላሙ ውስጥ ሻማውን አበራን፣ ሦስቱን በረከት ልጄ አለ። ወንዶቹ አሜን ሲሉ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። ባለ አውላሙ አላበለም፤ ያን ያህል ሰው በጊዜ ሲመጣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበር ሞልቷል። አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች እኔም ልቤ አረፈ፤ ዲጄው ሙዚቃውን አዘጋጀ፣ ጢስ የሚነፋው ማሽን ተሞከረ፣ ልጄ ነጭ ኮቱን ለብሶ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመ። እንግዲህ ምባፔ ያኔ ነው የመጣው።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከምን እንደተሠራ አላውቅም። ተጨማሪ ሰዓት ተባለ። ሜሲ አገባ፣ ጠረጴዛ ተገለበጠ (የምር፣ የአክስቴ ልጆች ጠረጴዛ፣ ከነሰላጣው)። ሊያልቅ 2 ደቂቃ ሲቀረው ምባፔ ሦስተኛውን አስቆጠረ። መጨረሻ ላይ ግብ ጠባቂው በእግሩ ያዳናት ኳስ እኔን ሳይቀር አስጮኸችኝ፤ አልዋሽም። በመሐል እናቴ እጄን ይዛ «ይሄ ሁሉ ሰው የሚጮህለት የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት።

ባለ ካሜራው ያነሣው አንድ ፎቶ አለ። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመቱ ሲሉ ነው። ሁለት መቶ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ስክሪኑ ቆሟል፤ በዚያ ሁሉ ጀርባ መሐል ልጄ መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ሰዎቹን ያያል። ስክሪኑን አይደለም፣ ሰዎቹን። አልበሙ ውስጥ እንዲገባ እንደሆነ ጠየቀኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።

2 ሰዓት ሊሆን ምንም ሳይቀረው ሞንቲኤል መታና አለቀ፤ 4 ለ 2። (የለንደኗ፣ የእሳቸውም 4 ለ 2 አልነበረም?) አውላሙ ተናወጠ። ዲጄው ብልጥ ነኝ ብሎ «አሁን ግባ! በዚህ ጩኸት ላይ ግባ፣ ቪዲዮው ያምራል!» አለው። ልጄ እምቢ አለ። «ይሄ የኔ ጩኸት አይደለም፣ ይብረድ» አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ስክሪኑ እስኪጠፋ፣ ሰው እስኪቀመጥ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል። ሜሲ ዋንጫ ሲያነሣ ሳያዩ ስክሪኑን ስላጠፋነው ታናሽ ወንድሜ እስከ ዛሬ አኩርፏል፤ ያኩርፍ።

ከዚያ ገባ። ጢሱም ነበር፣ እልልታውም ነበር፣ እስክስታውም ነበር። ግን ግማሹ ወንድ ደጅ ላይ ሲጋራ ይዞ ጨዋታውን ደግሞ እየተጫወተው ነበር።

ድራሻውን (የድግሱን ስብከት) ከረቢው ጋር ነበር የጻፈው፤ አንድ መስመር ራሱ ጨምሮበታል። «ወንድሞቹ ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ ከጣሉት በኋላ ምን አደረጉ? መጽሐፉ እንጀራም ሊበሉ ተቀመጡ ይላል። ስክሪን ስላልነበራቸው ነው።» ሰው በሳቅ ሞተ። ትልቁ ወንድሜ ግን ቀና አላለም። እኔም አልሳቅኩም።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ — 20 ዲሴምበር

እንዴት ያለ ልጅ ነው! ለዘላለም የሚወራ ድግስ ሆነ እኮ፣ ደስ ይበልሽ እንጂ።

---

እናት_ከቅርያት_መላኪ — 20 ዲሴምበር

ሁሉም እንዲህ ይለኛል። የሚወራው ግን ድግሱ አይደለም፣ ጨዋታው ነው፤ ድግሱ «የት ሆነህ አየኸው?» ሲባል የሚጠቀስ ቦታ ነው የሆነው። ተናድጃለሁ፣ መናደዴንም አልደብቅም። ደግሞ ስክሪኑን ባልከፍት አውላሙ ባዶ ይሆን እንደነበር አውቃለሁ። ሁለቱንም አውቃለሁ።

---

ጋሽ_ከሐዴራ — 20 ዲሴምበር

ፎቶውን አስገቢው። ልጁ የጠየቀሽ እንዲገባ ፈልጎ ነው።

---

ለንደን_ነኝ — 21 ዲሴምበር

ለአባትየው ሁሉንም ነገርኳቸው። «ይብረድ» ያለውን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ያለ ወትሮዬ ስለ ንባባቸው ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በዜማ አሉልኝ። ከ56 ዓመት በኋላ! ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

---

ሜሲ_10 — 21 ዲሴምበር

እትዬ፣ ለልጁ የአርጀንቲና ማልያ ልልክለት ፈልጌ ነበር። ሦስተኛው ኮከብ ያለበትን። ይቅርታ ለማለት ነው።

---

እናት_ከቅርያት_መላኪ — 10 ሜይ 2026

ይህን ገጽ ከሦስት ዓመት በላይ አልከፈትኩትም ነበር። ሰላም ናችሁ? ታናሹ ልጄ ደረሰ። በዕብራይስጡ ልደቱ 3 አብ ነው። ዘንድሮ ተምሬያለሁ፣ አውላም ከመያዜ በፊት የኳሱን መቁጠሪያ አየሁ፤ የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ እሑድ 19 ጁላይ ኒው ጀርሲ ላይ ነው፣ በእኛ ሰዓት ማታ 4 ሰዓት። ልደቱ ዓርብ 17 ጁላይ። እንደገና!

---

የቄስ_የልጅ_ልጅ — 10 ሜይ 2026

እህቴ፣ እንኳን ደረሰልሽ። ዘንድሮ አትፍሪ። 19 ጁላይ 5 አብ ነው፤ ከቤተ መቅደሱ ጾም በፊት ያሉት ዘጠኙ ቀናት ውስጥ ነን። በዚያ ሳምንት ሙዚቃና ድግስ የለም፣ እናትሽም የአብን ጾም ከአገሯ ታውቀዋለች። ልጁ በሰንበቱ ደቫሪምን (የኦሪት ዘዳግምን መጀመሪያ) ያነባል፤ ድግሱን ግን ጾሙ ሐሙስ 23 ካለፈ በኋላ ታደርጉታላችሁ። ዋንጫው ያን ጊዜ አልቆ፣ ተወርቶለት፣ ተረስቷል።

---

እናት_ከቅርያት_መላኪ — 11 ሜይ 2026

ተመስገን ብዬ ለቤቱ ሰው ነገርኩ። ትልቁ ሳቀ። ታናሹ ግን አኩርፎ ክፍሉ ገብቷል። ያን ማታ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ አጎቶቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው ያየው፣ ከተገለበጠው ሰላጣ አጠገብ። እሱም እንደ ወንድሙ ያለ ባር ሚጽዋ ነው የሚፈልገው።